ስለ አሥር ዶላርና ስለ እህትነት ፍቅር

ፊላደልፊያ፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1990

ይድረስ ለወይዘሮ ቨርዴል ሚድልተን፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አራት ገጽ ነው። ሦስቱን ገጽ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ፊላደልፊያ ብርድና ስለ ሟቹ ባሌ ነፍስ ሲጨነቁ ቆይተው አራተኛው ላይ ጣሪያዎ ላይ ደረሱ። እኔማ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ «ይቺ ሴት ምን ፈልጋ ነው?» እያልኩ ነበር ያነበብኩት። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እናታችን ስትሞት አንድ ቴሌግራም፣ አባታችን ሲሞት አንድ ቴሌግራም ላኩልኝ፤ ጣሪያ ሲሄድ አራት ገጽ። ለሁለቱም ቀብር አልመጣሁም። ለምን እንዳልመጣሁ ያውቁታል።

ነገሩ በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ ልድገመው። ባለፈው ሴፕቴምበር አውሎ ነፋሱ የአባታችንን ቤት ጣሪያ ነቅሎ ወስዶታል። የዕርዳታ ቢሮው ሠርቶ ሊሰጥዎ ፈቃደኛ ነው፤ ነገር ግን ቤቱና መሬቱ በእርስዎ ስም መሆኑ እስከ ጁን መጨረሻ ካልተረጋገጠ አንድ ምስማር አይመታም። አባታችን ፕሪመስ ደግሞ እንደ ደሴታችን ሰው ሁሉ፣ ኑዛዜ መጻፍ ሞትን መጥራት ይመስለው ስለነበር ምንም ሳይጽፍ አረፈ። በሕግ ግማሹ የእኔ ነው። ስለዚህ ጠበቃው የመብት መልቀቂያ አዘጋጅቶልዎታል፤ «በዚህ ቤት መብት ካለኝ ሁሉንም ለእህቴ ለቅቄያለሁ፣ ከሌለኝም አትጠይቁኝ» የሚል ወረቀት። የለቀቅኩበትንም ምክንያት ጽፎልኛል፦ «ስለ አሥር ዶላርና ስለ እህትነት ፍቅር»። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ጎረቤቴ ግድግዳውን እስክትደበድብ።

ዓይንን በጨው መታጠብ ማለት ይኼ ነው። ይሁን። ፈርሜ ልኬልዎታለሁ።

ስለ ባለቤትዎ ጤና አልጠይቅም።

ላቪኒያ ቡከር


ኮልብሩክ ደሴት፣ ማርች 5 ቀን 1990

እታለም፣

እንዴት ከረምሽ? «እርስዎ» ብለሽ ስትጽፊልኝ ደንግጬ ፖስታውን ገልብጬ አየሁት፤ የሌላ ሰው ደብዳቤ መስሎኝ። ብቻ እጅሽን አውቀዋለሁ። ስለፈረምሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀቱን ሳየው አልቅሻለሁ፣ አልዋሽሽም።

ግን አንድ ችግር ገጠመኝ። ቤቱን የሚጠብቅልኝ ሰው ለምኜ፣ በማለዳ ጀልባ ተሻግሬ፣ ከዚያ በአውቶቡስ አውራጃው ከተማ ድረስ ሄድኩ። መዝገብ ቤት ውስጥ የምትሠራው ኧርነስቲን ናት፤ የእነ ዳፍኒ ልጅ፣ ከእኛ ጋር ኩሬ ዳር ሸርጣን ስትይዝ የነበረችው። መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አውርዳ አነበበችና «ቨርዴል፣ ይቺ ፒንዳ ማን ናት?» አለችኝ። «ኧረ ባክሽ! ፒንዳን አታውቂያትም?» አልኳት። «እኔማ አውቃታለሁ፤ ማንጎ ስንሰርቅ ዛፍ ላይ ጥላኝ የሮጠችው ናት። መዝገቡ ግን አያውቃትም። እዚህ የሚፈረመው የክርስትና ስም ነው» አለችና መለሰችልኝ።

የቤት ስምሽን ነው የፈረምሽው፣ እታለም። አባባ ያወጣልሽን። ደሴቱ ላይ ሰው ሁሉ በቤት ስሙ ስለሚጠራ እኔም ልብ ሳልለው ነው ይዤው የሄድኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።

አዲስ ወረቀት አስጽፌ ልኬልሻለሁ። በሰማያዊ ሸራ ሸፍነን ነው ያለነው፤ ነፋስ ሲነሳ ሌሊቱን ሙሉ ይጮሃል። ሴፈስ አለ።

እህትሽ ቨርዴል


ፊላደልፊያ፣ ማርች 20 ቀን 1990

ቨርዴል፣

አንቱታውን ትቼልሻለሁ፤ ወረቀት ይፈጃል።

ይቅርታ፣ አረጀሁ መሰለኝ። ከደሴቱ የመጣ ወረቀት ሳይ እጄ ራሱ ፒንዳ ብሎ ፈረመ። ምን ላድርገው? አንድ ቀን ሙሉ በጀልባና በአውቶቡስ መንገላታትሽን ሳነብ አዘንኩ። በጣም ከማዘኔ የተነሳ ደግሜ አነበብኩት።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ባልሽ የት ሄዶ ነው ቤት ጠባቂ የምትለምኚው? ሴፈስ እኮ አናጺ ነው! ያ ሁሉ ሰው እጁን የሚያደንቅለት፣ በአንድ ክረምት ሁለት ጀልባ የሚያወጣው ሰውዬ! ራሱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ መምታት አቅቶት ነው መንግሥት የምትለምኑት? ወይስ ጥሩ ነገር ሁሉ በሰው እጅ ተዘጋጅቶ ሲመጣላችሁ ለምዳችሁ ነው? «ሴፈስ አለ» ትዪኛለሽ። ግድግዳውም አለ።

ወረቀቱን በሙሉ ስሜ፣ ላቪኒያ ሲመንስ ቡከር ብዬ፣ ፊደል በፊደል ፈርሜዋለሁ። ውል አዋዋዩ ፊት ቀርቤ ማኅተም አስመትቻለሁ፤ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴም እማኝ ሆና ፈርማለች። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

መልካም መንገድ። ጀልባው ላይ ብርድ እንዳይመታሽ።

ላቪኒያ


ኮልብሩክ ደሴት፣ ኤፕሪል 16 ቀን 1990

እታለም፣

ሁለት እማኝ ነው የሚፈለገው። አንድ አይደለም።

ኧርነስቲን ወረቀቱን አንብባ ወደ ጎን አደረገችው። ሻይ ቀዳችልኝና «እህትሽ ፊላደልፊያ ምን ነበር የምትሠራው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጠበቃ ቤት ሃያ ዓመት ታይፒስት እንደነበርሽ ነገርኳት። «እንግዲያው ሁለት እማኝ እንደሚያስፈልግ አታጣውም» አለች። ሻዩን ሳልጠጣው ወጣሁ። የመጨረሻው ጀልባ አምልጦኝ ያደርኩት ወደቡ ላይ፣ ሸቀጥ ከሚጫንበት መጋዘን አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ያን ሌሊት ቤቴ ውስጥ የሆነውን አልነግርሽም። ሰው ለምኜ ነበር፤ ሰውየውን ግን እስከ ማታ ብቻ ብዬው ስለነበር ሄደ።

እያወቅሽ ነው፣ አይደል? የመጀመሪያውንም እያወቅሽ ነበር። ከአሁን በኋላ የቅርጫት ሽያጬንም ትቼ፣ ሰውም ለምኜ፣ የምመላለስበት አቅም የለኝም። ስለ ሴፈስ የጻፍሽውንም አንብቤዋለሁ፤ መልስ አልሰጥሽም።

ከእኔ የምትፈልጊው ነገር አለ። ምን እንደሆነ ንገሪኝ፣ አደርገዋለሁ። ይቅርታ ከሆነ እልሻለሁ። ተንበርከኪ ካልሽም መጥቼ እንበረከካለሁ። ብቻ እንደ ልጅነታችን ከዛፍ ጀርባ ሆነሽ ድንጋይ አትወርውሪብኝ። የማዕበሉ ወራት ጁን ላይ ይጀምራል፤ ይኼ ሸራ አንድ ሌሊት አይችልም።

ቨርዴል


ፊላደልፊያ፣ ሜይ 2 ቀን 1990

ቨርዴል፣

እሺ። ከዛፉ ጀርባ ወጣሁ።

አዎ፣ እያወቅሁ ነው። የመጀመሪያው ሲመለስ የተሰማኝን ደስታ አልነግርሽም፣ ታፍሪብኛለሽ። ሁለተኛውን ስልከው አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ምን እንደምፈልግ ጠየቅሽኝ። አስታውሰሽ እንደሆነ፣ በ1960 መከር ላይ ወደዚህ የመጣሁት ለስድስት ወር ነበር። የሰው ወለል እየወለወልኩ ለሠርጌ የሚሆን ገንዘብ ላጠራቅም። ቀኑ ተቆርጧል፤ ሴፈስ አልጋውን መሥራት ጀምሯል። በገና ማግስት አሥራ ሁለት ያርድ ነጭ ሳቲን ገዝቼ ላክሁልሽ። ከላዩ ላይ «ቨርዴልዬ፣ በልክሽ አስለኪው፣ ወገባችን አንድ ነው» ብዬ ጻፍሁበት። የገዛሁበት ሱቅ ስሙ ትዝ ይለኛል፣ የሻጩ ክራባት ትዝ ይለኛል።

በልክሽ አስለካሽው። በልክሽ አሰፋሽው። ከዚያ በፋሲካ ለብሰሽው ገባሽና ሴፈስን አገባሽው! እኔ ሜይ ላይ ከአንድ የጀልባ ሰው ነው የሰማሁት፤ ገበያ ውስጥ፣ ዓሣ እየገዛሁ። ሰውየው እንኳን ደስ ያላችሁ ነው ያለኝ። ዓሣውን ከፍዬበት ትቼው ሄድኩ።

ባሌ ቡከር ደግ ሰው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሳያስከፋኝ አኖረኝ። ያም ሆኖ በየፋሲካው ጥርሴን ነክሼ ነው የዋልኩት፤ እሱም የሆድ ሕመም ነው እያለ ሻይ ያፈላልኝ ነበር። ለእሱ እንኳ አልተናገርኩም። ይህን ያህል ነው ያቃጠልሽኝ።

ይቅርታሽን አልፈልግም። መንበርከክሽንም አልፈልግም፤ ማን ያይሻል? እኔ የምፈልገው እንዲመዘገብ ነው።

ከዚህ ጋር ሦስተኛው ወረቀት አለ። በገዛ እጄ የተየብኩት ነው፤ ሁለት እማኝ፣ ማኅተም፣ ሙሉ ስም፣ የመሬቱ ወሰን በአራቱም ማዕዘን። ኧርነስቲን መነጽሯን ብትሰብርበት እንኳ አንድ እንከን አታገኝበትም። «ስለ አሥር ዶላርና ስለ እህትነት ፍቅር» የሚለውን ግን አውጥቼዋለሁ። በቦታው ያለው ይኼ ነው፦

«ይህን መብት የለቀቅኩት ስለ ሴፈስ ሚድልተን ነው። እኔ ላገባው ቀን ቆርጬ ሳለሁ፣ ተቀባይዋ እህቴ ቨርዴል፣ እኔ በላክኩት ጨርቅ የሠርግ ልብስ አሰፍታ በ1961 ፋሲካ አግብታዋለች። ባሌን በወሰደችበት እጅ ቤቴንም እንድትወስድ ፈቅጃለሁ።»

አንቺ መፈረም የለብሽም። ወስደሽ ማስመዝገብ ብቻ ነው። መዝገቡ ውስጥ ይገለበጣል፤ ያ መዝገብ ደግሞ እኛ ከሞትን በኋላ፣ ኧርነስቲንም ከሞተች በኋላ እዚያው መደርደሪያው ላይ ይኖራል። ያን መሬት ማንም ሰው በገዛ፣ ማንም በወረሰ ቁጥር ጠበቃው አውጥቶ ያነበዋል። ከፈለግሽ ጣሪያሽን ውሰጂ። ካፈርሽ ደግሞ ሸራሽን አጥብቀሽ እሰሪ።

ሌላ ወረቀት አልፈርምም።

ላቪኒያ


ፊላደልፊያ፣ ጁን 11 ቀን 1990

ቨርዴል፣

አርባ ቀን ሆነ። ምነው ዝም አልሽ? እኔ ሁለት ጊዜ ሳጠፋ ወር ሳይሞላ ጽፈሽ ነበር፤ አሁን ያለ እንከን ስልክልሽ አፍሽ ተዘጋ።

ፈራሽ፣ አይደል? ኧርነስቲን እንዳታነበው ፈራሽ። እሷ ያነበበችውን ደግሞ እስከ እሑድ ጸሎት ቤቱ በሙሉ ይሰማዋል፤ አንቺ የመዘምራኑ መሪ፣ ነጭ ለብሰሽ ፊት የምትቆሚው! ገብቶኛል። እኔም ነጭ ልለብስ ነበር።

የቀረሽ ሃያ ቀን አይሞላም። ቀኑን እዚህ ግድግዳ ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ እየሰረዝኩልሽ ነው። ራዲዮው ከደቡብ የመጀመሪያው ማዕበል ተነሳ ይላል።

ላቪኒያ


ኮልብሩክ ደሴት፣ ጁን 27 ቀን 1990

እታለም፣

ተመዝግቧል። ቅጽ 212፣ ገጽ 88። ግልባጩ ከዚህ ጋር አለ፤ አስገቢው ፍሬም ውስጥ። የዕርዳታ ቢሮው አናጺዎች ሰኞ ይመጣሉ።

ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው፤ ልክ ነሽ። ወረቀቱን የዱቄት ጣሳ ውስጥ ደብቄው አምስት ሳምንት ሙሉ ሳልፈው ሳልፈው ከረምሁ። ከዚያ ማዕበል ተነሳ የተባለ ለት ሸራው በአንድ ማዕዘን ተቀደደና ውኃው አልጋ ላይ ወረደ። አልጋው ላይ የተኛ ሰው ነበር። በማግስቱ እሑድ ነበር፤ ወረቀቱን ከጣሳው አውጥቼ፣ ዱቄቱን አራግፌ፣ ጸሎት ቤት ይዤው ሄድኩ። ምስክርነት ያለው ሰው ይነሳ ሲባል ተነሳሁና ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ኧርነስቲን ቀድማኝ እንዳታወራው ብዬ ነው፤ ሌላ ጀግንነት የለውም። «እኔ በላክኩት ጨርቅ» የሚለው ላይ ስደርስ፣ አክስት ሜይቤል፣ ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው፣ ከኋላ ሆና «እኛ እኮ በስድሳ አንድ ነው ያወቅነው፤ ተቀመጪ ልጄ» አለችኝ! ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ያን ቀሚስ ለብሼ ስገባ ጀምሮ ያውቁ ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እየዘመርኩ እነሱ ያዩኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ መዝገብ ቤቱ ቀለለኝ።

ኧርነስቲን አነበበችና መነጽሯን አወለቀች። «ይቺን መስመር የሚያወጣ ሌላ ወረቀት እንድትፈርም ጠበቃው እህትሽን ይለምናት» አለችኝ። «አንድ ፊደል እንዳትነኪ፤ እንዳለ መዝግቢው» አልኳት።

ሴፈስን በመውደዴ አልጸጸትም፣ አልዋሽሽም። ጨርቁን ግን መልበስ አልነበረብኝም። እሱን ባገባው እንኳ በተራ የቺት ቀሚስ ላገባው ይገባኝ ነበር። አጠፋሁ። ይኼን ለማለት ሃያ ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ፤ ደብዳቤውን ጀምሬ ስንቱን እንደቀደድኩ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።

አሁን ደግሞ «ሴፈስ አለ» ያልኩሽን ልንገርሽ። ያልነገርኩሽ «እሰይ» ትያለሽ ብዬ ነው። እንግዲህ በዪ።

ከአምስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ አይሠራም፤ አይራመድም። የባሰው ግን አእምሮው ነው። እኔን አያውቀኝም። ልጆቻችንን አያውቃቸውም። የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጠዋት ፊቱን ላጥበው ስገባ ዓይኑን ይከፍትና «ፒንዳ፣ መጣሽ እንዴ?» ይለኛል።

መጀመሪያ ሰሞን «ቨርዴል ነኝ» እለው ነበር። ያለቅሳል፣ ምግብ አይቀበለኝም። ስለዚህ «መጣሁ» ማለት ጀመርኩ። ሲጠግብ ደስ ይለውና እጄን ይዞ አልጋውን እንደጨረሰልሽ ይነግረኛል፣ እንጨቱን ከየት እንዳመጣው ይነግረኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያቺ ታናሽ እህትሽ ዛሬም እዚሁ ናት? አላማረችኝም፤ ወደ ቤቷ ላኪያት» ይለኛል። እኔም «እልካታለሁ» እላለሁ። ወደቡ ላይ ባደርኩበት ሌሊት እየተጎተተ በሩ ድረስ ደርሶ ነው ያገኘሁት፤ ሲጣራ የነበረው አንቺን ነው፣ ድምፁ ተዘግቶ ነበር።

አምስት ዓመት ሙሉ በገዛ ቤቴ በስምሽ ነው የኖርኩት፣ እታለም። አንቺ መዝገብ ላይ የጻፍሽብኝን እሱ በየጠዋቱ ያነብልኛል።

ቨርዴል


ፊላደልፊያ፣ ጁላይ 9 ቀን 1990

ቨርዴል፣

እሰይ።

ቃሉን ልኬልሻለሁ፣ ያንቺ ነው። ደብዳቤሽን እንደጨረስኩ ጮክ ብዬም ተናግሬዋለሁ፤ ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሜ፣ ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበችው። ከዚያ ተቀመጥኩና፣ ደብዳቤሽን ሳላነብ ቀድሜ ፍሬም ውስጥ ያስገባሁትን ገጽ 88 አወጣሁት። ለሃያ ዘጠኝ ዓመት ያሰብኩት ነገር ተፈጽሞ እጄ ላይ ነበር፤ እኔ ግን የማስበው አልጋውን እንደጨረሰው ነበር። ስላልጋው ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

በሚመጣው ሳምንት ሰኞ በባቡር እመጣለሁ፤ ረቡዕ በማለዳው ጀልባ እሻገራለሁ። ልታረቅሽ እንዳይመስልሽ። አልታረቅሁሽም። በዚያ ቤት ውስጥ አንድ ምስማር የኔ እንዳልሆነ በገዛ እጄ ተይቤ ፈርሜያለሁ፣ ስለዚህ መብት አለኝ ብዬ አልገባም። በሩ ላይ ቆሜ እጠይቅሻለሁ፤ ብትፈልጊ ትመልሺኛለሽ።

ግን ወረቀቱን አንድ ጊዜ ደግመሽ አንብቢው። መሬቱን ለቅቄያለሁ፣ ቤቱን ለቅቄያለሁ፣ ባልየውንም ለቅቄያለሁ። ስሜን አልለቀቅኩም። የትኛውም መስመር ላይ የለም። አምስት ዓመት ይዘሽው ቆይተሻል፤ ይበቃሻል፣ ልወስደው እየመጣሁ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ፊቱን የማጥበው እኔ ነኝ። ሲጠራ አቤት የምለው እኔ ነኝ። አንቺ ያን ጠዋት ከበሩ ውጭ ቁሚና እንዴት እንደሚጠራኝ ስሚ። ከዚያ እሱ ሲተኛ፣ ከፈለግሽ ገብተሽ ቨርዴል ሆነሽ አጠገቡ ተቀመጪ። አንድ ሰው ወደ ቤትሽ ሊልክሽ ቢሞክር እኔ እመልስለታለሁ።

ፒንዳ